ሁለተኛዋ አቻን ኦጅዋክ መኖሯን ስለማሳወቅ

ግንቦት 24 ቀን 1988 ዓ.ም.
ፒኝማር ደሴት፣ ባሮ ወንዝ

ለደሴትና ወንዝ ዳር ቀበሌዎች የባህልና የተከታታይ ትምህርት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊው
ኒውላንድ፣ ጋምቤላ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለእርስዎ፣ ለመላ ቤተሰብዎ፣ ለምክትልዎና ለምክትልዎ ተወካይ፣ እንዲሁም በዚህ የግንቦት ወበቅ ያለ ዕረፍት ከራስዎ በላይ ለሚሽከረከረው ማራገቢያ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። እኛ የፒኝማር ደሴት ነዋሪዎች ባሮ ከቀን ወደ ቀን እየሞላ ከመምጣቱ በቀር ለክፉ አይሰጠንም።

ስሜ ገሠሠ ሙሉብርሃን ይባላል። የመንዝ ሰው ነኝ፤ በዚህ ደሴት ላይ መምህር ሆኜ ስኖር ይህ አራተኛ ዓመቴ ሲሆን፣ ጽሕፈት ቤትዎ ራሱ በጻፈልኝ ደብዳቤ መሠረት የፒኝማር የባህልና የተከታታይ ትምህርት ማዕከል ኃላፊ፣ ጸሐፊ፣ ጥበቃና ተላላኪ ነኝ። ስለ አንዲት ተማሪዬ ሦስት ጊዜ በታሸገ ፖስታ ጽፌልዎ መልስ ባለማግኘቴ፣ ምናልባት ፖስታ መቅደዱ ጊዜዎን የሚሻማ ሥራ ሆኖብዎ ይሆናል ብዬ ስላዘንኩ፣ ይህን አራተኛውን ሳላሽግ ልኬዋለሁ። አንዱን ቅጂ በገበያው ማንጎ ግንድ ላይ፣ ሁለቱን ደግሞ በኦርቶዶክሱና በፕሮቴስታንቱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መለጠፌም፣ ክቡርነትዎ ቢሮ ባይገቡ እንኳ ደብዳቤው በሄዱበት እንዲያገኝዎ ከማሰብ የመጣ ነው።

ማንጎው ሥር ቆሞ የሚያነብ መንገደኛ እንዳይቸገር ስለ ማዕከላችን ጥቂት ልበል። ማዕከላችን ነዋሪው በራሱ እንጨትና በራሱ ጭቃ የሠራው፣ ሣር የለበሰ አንድ ሰፊ ጎጆ ነው። ከጠዋት እስከ ቀትር ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩበታል፤ ሽማግሌዎቹም ቶም የሚሉትን በአውራ ጣት የሚመታ መሣሪያቸውን ለወጣቶች ያስተምሩበታል። ከቀትር በኋላ ሸክላው ወደ ጥግ ይገፋና እነዚያው ሴቶች እጃቸውን ታጥበው ሒሳብና አማርኛ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በገዛ ቋንቋቸው በአኝዋክኛ ማንበብና መጻፍ ይማሩበታል። ጽሕፈት ቤትዎ ለዚህ ሥራ ያደረገውን አስተዋጽኦ ሳልጠቅስ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። በምረቃው ዕለት ታንኳ ለክቡርነትዎ ስለማይስማማዎ ሪባኑ ከከተማው በኩል ባለው ዳርቻ በሁለት ዛፎች መካከል ተወጥሮ ተቆርጧል፤ ንግግርዎም በድምፅ ማጉያ ወደ ደሴቱ ተላልፏል። ነፋሱ ወደ እርስዎ ይነፍስ ስለነበር አብዛኛውን አልሰማነውም፤ ያጨበጨብነው ግን ከልባችን ነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ቅሬታ የሚለው ቃል ለክቡር ጆሮዎ ሸካራ እንዳይሆን፣ የሚከተለውን ሁሉ ምስጋና እያልኩ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. በመጀመሪያ ጽሕፈት ቤትዎ ስለ ስም ጥራት ላሳየው ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። በመጋቢት ወር፣ ለአኝዋክኛ ቋንቋ መምህራን ማሰልጠኛ የመግቢያ ፈተና የሚቀርቡ የአሥራ ሁለት ተማሪዎቼን ዝርዝር ልኬልዎ ነበር። ከአሥራ ሁለቱ ሁለቱ አቻን ኦጅዋክ ይባላሉ። በአኝዋክ ዘንድ ብዙ ጊዜ ስም የሚወጣው ከልጁ አወላለድ ተነሥቶ ስለሆነ፣ ኦጅዋክ የሚባል ወንድና አቻን የምትባል ሴት የሌሉበት መንደር ማግኘት ያስቸግራል፤ ሁለት ኦጅዋክ የሚባሉ ጎረቤታሞች ሁለት አቻን የሚባሉ ሴት ልጆች ቢወልዱ በደሴታችን የሚገረም ሰው የለም። አንደኛዋ አቻን ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ የሦስት ልጆች እናት፣ ሸክላ ሠሪና ታንኳ ቀዛፊ ናት። ሌላዋ ሃያ ሁለት ዓመቷ ሲሆን ገና አላገባችም። እኔም ለይቼ ለመጻፍ ከስማቸው አጠገብ “ትልቋ” እና “ትንሿ” የሚሉ ሁለት ቃላት ጨመርኩ።

ዝርዝሩ “በመንግሥት ሰነድ ላይ የቅጽል ስም አይጻፍም” ተብሎበት ተመለሰልኝ። የአያት ስም እንዳልጽፍ፣ ለወረቀት ቁጠባ ሲባል ቅጹ የአያት ቦታ የለውም። ዕድሜያቸውን እንዳልጽፍ፣ ቅጹ “ከሠላሳ አምስት ዓመት ያልበለጠ” በሚለው ላይ ምልክት ከማድረግ በቀር ሌላ አይጠይቅም። ጉርድ ፎቶግራፍ እንዳላያይዝ፣ ለደሴት ነዋሪዎች በተደረገ ልዩ አስተያየት ፎቶግራፍ ቀርቷል፤ ስለዚህም አስተያየት በተለይ አመሰግናለሁ። ስለሆነም ሁለቱን ቃላት ሰርዤ ዝርዝሩን መልሼ ላክሁት። በሚያዝያ ሲመለስ ከሁለቱ ስሞች በአንደኛው ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮበት “ተደጋጋሚ” የሚል ተጽፎበት ነበር።

2ኛ. ጽሕፈት ቤትዎ ለባለጉዳይ በሩ ክፍት ስለመሆኑ አመሰግናለሁ። “ሁለት ስለመሆናቸው ማስረጃ ይቅረብ” በመባሉ፣ ሁለቱንም ከነእግራቸው ይዤ ቀረብኩ። በርዎ ላይ “ባለጉዳይ አንድ በአንድ ይግባ” የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ትንሿ አቻን ገባች፤ የመዝገብ ቤቷ ወይዘሪት ሊና በትሕትና ተቀብላ “አቻን ኦጅዋክ፣ ቀርባለች” ብላ መዘገበቻትና ሸኘቻት። ቀጥላ ትልቋ ገባች። ወይዘሪት ሊና መዝገቧን ተመልክታ፣ ይህም በትሕትና ነው፣ አቻን ኦጅዋክ አሁን ቀርባ መሄዷንና ሁለተኛ መመላለስ የማያስፈልጋት መሆኑን ገለጸችላት። ሁለቱን አንድ ላይ ላስገባቸው ብዬ ለመንኩ፤ መመሪያው መጨናነቅን ለማስቀረት የወጣ ስለሆነ አይሻርም ተባልኩ። እሺ፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ውጭ ቆመዋልና በመስኮት እዪልኝ አልኩ። መስኮቱ በፋይል ቁም ሳጥን ተጋርዷል።

እዚህ ላይ ከተራ ቁጥሩ ወጣ ማለቴን ይቅር ይበሉኝ። ጥር ላይ ለክልሉ በዓል ጽሕፈት ቤትዎ “አሥራ ሁለት ተወዛዋዥ ከነከበሮውና ከነሸክላው በአስቸኳይ ይላክ” ብሎ ጽፎልን ነበር፤ ያ ደብዳቤ በአንድ ቀን ደረሰን፣ ጀልባም ሞተር ያለው ተላከልን። ከጭፈራው በኋላ ስማችን እየተጠራ ካናቴራ ታደለን። አቻን ኦጅዋክ ተብሎ ሁለት ጊዜ ተጠራ፣ ሁለት ሴቶች ወጡ፣ ሁለት ካናቴራ ተቀበሉ፤ ከክቡርነትዎ ጋርም ሁለት ጊዜ ተጨባበጡ። የዚያን ዕለት የተነሣው ትልቅ ፎቶግራፍ ዛሬ በመዝገብ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ልክ ከወይዘሪት ሊና ራስ በላይ ተሰቅሏል። ሁለቱ አቻኖች በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ይስቃሉ። አንድ ሰው ሲጨፍር ሁለት፣ ሲማር ደግሞ አንድ የሚሆንበትን ስሌት እኔ የሒሳብ መምህር ሆኜ ልደርስበት አልቻልኩም።

3ኛ. ጉዳዩ በቦታው እንዲጣራ ተቆጣጣሪዎን አቶ አብኔርን ስለላኩልን አመሰግናለሁ። አቶ አብኔር ግንቦት 9 ቀን በሞተር ብስክሌት እስከ ዳርቻው ድረስ መጡ። ውሃው መሙላት ጀምሮ ነበርና እሳቸውን ለማሻገር ታንኳ ላክንላቸው። አቶ አብኔር ታንኳዋን አዩ፣ ውሃውን አዩ፣ ከዚያም አዞ እንዳለ ቀዛፊዋን ጠየቋት። እሷም መዋሸት የማትችል ሴት ስለሆነች “አዎ አለ። ግን እኛን ያውቀናል” አለቻቸው። እሳቸው ከአዞው ጋር ገና ስላልተዋወቁ፣ ቆጠራውን ከቆሙበት ሆነው ለማካሄድ ወሰኑ። ተማሪዎቹ በደሴቱ ዳር በሰልፍ እንዲቆሙ ጮኸው አዘዙን፤ እነሱም ተሰለፉ። ሁለት እጃቸው ለመቁጠር ነፃ እንዲሆን ፋይላቸውን ለቀዛፊዋ አስያዟት። ቆጠሩ። አሥራ አንድ ሆነ። ደግመው ቆጠሩ፤ አሥራ አንድ ነው።

ክቡር ሆይ፣ አሥራ ሁለተኛዋ ፋይሉን የያዘችው ናት። ያቺ ቀዛፊ ትልቋ አቻን ኦጅዋክ ነበረች። እኔም ተማሪ ነኝ፣ ያቺ ወዲያ ማዶ በስተቀኝ የቆመችው ደግሞ ሌላዋ አቻን ናት ብላ ነግራቸዋለች፤ እሳቸው ግን የተላኩት በደሴቱ ላይ ያለውን ሰው ለመቁጠር መሆኑን፣ እሷ ደግሞ በዚያች ሰዓት በደሴቱ ላይ አለመሆኗን አስረዷት። በሪፖርታቸው “በአካል የተገኙ ተማሪዎች 11፣ በተጨማሪም አንዲት ባለ ታንኳ” ብለው ጽፈዋል። ሪፖርቱን ሲጽፉ ፋይሉን እንደ ጠረጴዛ ደግፋ የያዘችላቸውም እሷው ናት። ለሥራው ቅልጥፍና ላደረገችው ትብብር እስካሁን ምስጋና አልደረሳትም።

4ኛ. ይህን ምስጋና እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ግንቦት 21 ቀን ከጽሕፈት ቤትዎ አሥራ አንድ የፈተና መግቢያ ካርዶችና አንድ ደብዳቤ ደረሱኝ። ደብዳቤው ከአሥራ ሁለት በታች ተማሪ ያለው ማዕከል ከሰኔ 30 ጀምሮ እንደሚዘጋ፣ ከበሮውና ሸክላው በክብር ወደ ከተማ ተወስደው እንደሚጠበቁ፣ እኔም ስለ ትጋቴ በእግር ወደሚደረስበት ወደ አቦቦ እንደምዛወር ይገልጻል። አሥራ ሁለት የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ብዙ አስቤበታለሁ፤ ክልላችን ክልል አሥራ ሁለት ይባል ስለነበር ለመታሰቢያ ይሆን ብዬም ነበር። አቦቦ ደግ አገር ነው፤ ከደገኛው ሰፋሪም ከአገሬውም ወዳጆች አሉኝ። ነገር ግን በመጀመሪያ ሰው ሰርዞ፣ ቀጥሎ ሰው ጎደለ ብሎ ቤት መዝጋት፣ በአገሬ አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ የሚባለውን ያስታውሰኛል። ቤቱን መዝጋት ከፈለጉ ይዝጉት፤ አቻንን ምክንያት አያድርጓት።

ክቡርነትዎ ሆይ፣ እስካሁን በጨዋ ደንብ ጽፌያለሁ። ከዚህ በታች ያለውን በትሕትና መጻፍ ስለከበደኝ ጉድለቴን ይለፉልኝ።

በአንደኛው ካርድ ላይ አቻን ኦጅዋክ ይላል። ፎቶግራፍ የለውም፣ ዕድሜ የለውም፣ ስም ብቻ ነው። ካርዶቹን ባደልኩበት ቀን ሁለቱም ፊቴ ቆመው ነበር። ለየትኛዋ እንደምሰጥ ስላላወቅሁ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ትልቋ አየችውና “መምህር፣ እሷ ይሂድ። እኔ በታንኳ አደርሳለሁ” አለችኝ። ትንሿ ደግሞ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ “እኔን ፊደል ያስቆጠረ እሷ ነው። አልወስድም” አለች። እውነቷን ነው። እኔ ወደዚህ ደሴት ስመጣ ትንሿ ስሟን እንኳ መጻፍ አትችልም ነበር፤ ትልቋ የሸክላ አፈር ዘርግታ በእንጨት ጫፍ እየጻፈች አብራት ነው ያጠናችው። እነሆ ካርዱ ሦስት ቀን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ነፋስ እንዳይወስደው የሸክላ ስባሪ ጭኜበታለሁ። ሁለቱም በየቀኑ ይመጣሉ፣ ደብተራቸውን ገልጠው ያጠናሉ፤ ወደዚያ ጠረጴዛ ግን ማንኛቸውም አይቀርቡም።

ለትንሿ የሚመጣው ዓመት አለላት። ለትልቋ የላትም፤ በሚመጣው ዓመት ሠላሳ ስድስት ይሞላታልና ቅጹ ላይ ምልክት የምታደርግበት ቦታ አይኖርም። የመጨረሻ ልጇ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች። በክልላችን ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ ተብሎ ከታወጀ ወዲህ መጽሐፉ ታትሞ መጥቷል፤ የሚያስተምርበት ሰው ስለሌለ ግን ልጅቱን በዚያ መጽሐፍ የማስተምራት እኔ ነኝ፣ አኝዋክኛን እንደ ተሰባሪ ዕቃ በፍርሃት የማነሣ የመንዝ ሰው። ስሳሳት ሕፃናቱ ይስቃሉ፤ እናትየዋ በር ላይ ቆማ ታርመኛለች። ያቺ ሴት ከእኔ ቦታ ቆማ እንድታስተምር ነበር አራት ዓመት የለፋነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል፤ ቋንቋው የእሷ፣ ልጆቹ የእሷ፣ ክልሉም የእሷ ነው ተብሎ ሳለ ከደጁ የቀረችው እሷ ናት።

ጥፋቱ የጽሕፈት ቤትዎ ብቻ ነው ብዬ ብጽፍ ውሸታም እሆናለሁ። “ትልቋ” እና “ትንሿ” የሚሉትን ሁለት ቃላት የሰረዘው የእኔ እጅ ነው። ዝርዝሩ በተመለሰልኝ ጊዜ፣ ሰርዤ ከላክሁት ሁለቱ ሴቶች አንድ ሆነው እንደሚታዩ ገብቶኝ ነበር፤ ገብቶኝ ሳለ፣ ከመመሪያ ጋር መጣላት ስለፈራሁ፣ አንድ ሰው አይቶ ያስተካክለዋል ብዬ ሰረዝኩ። አስተካካይ የምለው ያ ሰው ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። አፍሬያለሁ። ትልቋ አቻን አንድ ቀንም አልወቀሰችኝም፤ እሱ ነው የባሰብኝ። አሁን ግን ፈርቻለሁ፤ ፈተናው ሰኔ 3 ቀን ነው፣ ዛሬ ግንቦት 24 ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት አበው ከእኛ የተሻለ ጊዜ የነበራቸው ናቸው። እኛ ለእውነት ማደሪያ የቀረን ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። ካርድ የሚባለው መዳፍ የምታህል ወረቀት ናት። አንዲት ተጨማሪ ይስጡን። ወረቀት ቁጠባው ካስጨነቀዎት ይህ ደብዳቤ ጀርባው ባዶ ነው፤ ቆርጠው ይጠቀሙበት። እርስዎ አንዴ ቢፈርሙ አንዲት ሴት ትፈተናለች፣ አሥራ ሁለትም ይሞላል፣ ቤታችንም አይዘጋም። ይህን ካደረጉልኝ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ በገዛ እጄ ከማንጎው ላይ እገነጥላለሁ፤ ባለጌ ነኝ ብዬም በአደባባይ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። አቦቦ ቀርቶ ወደሚልኩኝ ሁሉ እሄዳለሁ።

ክቡር ሆይ፣ የሥራ ጊዜዎን በዚህ ረጅም ጽሑፍ ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ወንበርዎ እንዲደላዎ፣ ማኅተምዎ ቀለም እንዳያጣ፣ ከደጅዎም ባለጉዳይ አንድ በአንድ እንጂ በአንድ ጊዜ እንዳይመጣብዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

እስከ ሰኔ 30 ድረስ ታዛዥዎ የሆንኩ፣
ገሠሠ ሙሉብርሃን
የፒኝማር የባህልና የተከታታይ ትምህርት ማዕከል ኃላፊ፣ ጸሐፊ፣ ጥበቃና ተላላኪ

ግልባጭ፦
ለገበያው ማንጎ
ለሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ደጃፍ
ለአቶ አብኔር፣ በደረቅ መሬት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ የሚያደርሱልዎ ሁለቱ አቻን ኦጅዋኮች ናቸው፤ ካርዱንም ከደብዳቤው ጋር በመርፌ ቁልፍ አያይዤ መልሼልዎታለሁ። ሁለቱም ፊትዎ ሲቆሙ፣ መኖሯን ላመኑባት ካርዱን ይስጧት። ሌላዋን ደግሞ ዓይን ዓይኗን እያዩ የለሽም ይበሏት። እኔ ሞክሬ አቅቶኛል።